ጌጥ የሆነ ገንዘብ፤ የጃፓን የጥንት ሳንቲሞች ከገበያ ወደ ሐብል

ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ማንም አተኵሮ አያየውም። ሰጪው ቈጥሮ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ቈጥሮ ይቀበላል። ያው ገንዘብ መግዛቱ ቀርቶ በሐብል ላይ ሲንጠለጠል ወይም በቀለበት ላይ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያየው ሁሉ «ይህ የየት አገር ነው? ምንስ ተጽፎበታል?» እያለ ይጠይቃል። እንግዲህ የሰው ዐይን በሳንቲም ላይ በደንብ የሚያርፈው ሳንቲሙ ሥራውን ከፈታ በኋላ ነው ማለት ነው።

ወደ ጌጥነት ከተለወጡት የዓለም ሳንቲሞች መካከል የጃፓን የጥንት ሳንቲሞች በመልካቸው ልዩ ናቸው። አንዳንዶቹ በመካከላቸው ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላቸው፤ አንዳንዶቹ እንደ ትንሽ ጡብ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እንደ ዕንቍላል ሞላላ ናቸው፤ በመጨረሻ የመጡት ደግሞ ዘንዶ የተጠቀለለባቸው ክብ የብር ሳንቲሞች ናቸው። በአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ከእነዚህ የተሠሩ አምባሮች፥ ጉትቻዎች፥ የእጅጌ ቍልፎችና የደረት መርፌዎች ይገኛሉ። ብዙ ሰው የሚገዛቸው መልካቸው ደስ ስላለው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ግን ከመልካቸው በላይ የሆነ ነገር እንደ ያዙ ማሳየት ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም የታሪክ ሰነድ ነው። ጌጥ መሆኑ ሰነዱን ከማቅለጫ እሳት አድኖታል፤ ጌጥ ያደረገው እጅ ካልተጠነቀቀ ግን ያንኑ ሰነድ ሊደመስሰው ይችላል። (ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ቀዳዳው ከየት መጣ?

ጃፓኖች ሳንቲም መሥራትን የተማሩት ከቻይና ነው። «ዋዶ ካይቺን» የተባለው ስመ ጥር የመዳብ ሳንቲም የወጣው በ708 ነበር። በዚያ ዓመት ሙሳሺ በተባለው ክፍለ ሀገር መዳብ በመገኘቱ የዘመኑ ስም እንኳ «ዋዶ» ተብሎ ተለወጠ። የሳንቲሙ ቅርጽ የቻይና ነው፤ ክብ ሆኖ በመካከሉ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ዐሥራ አንድ ሌሎች ሳንቲሞች አከታትሎ አወጣ፤ የመጨረሻውም በ958 የወጣው ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራው ቆመ። ለስድስት መቶ ዓመታት ያኽል ጃፓኖች በገበያቸው የተገበያዩት በአብዛኛው ከቻይና በመርከብ በመጣ ሳንቲም ነበር።

ቀዳዳው ለጌጥ ተብሎ የተሠራ አይደለም። እነዚህ ሳንቲሞች በመዶሻ የተቀጠቀጡ ሳይሆኑ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ቀልጠው የፈሰሱ ናቸው። ከቅርጹ ሲወጡ ጠርዛቸው ሻካራ ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው ብዙዎቹን በአንድ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ሰክቶ በአንድነት ይሞርዳቸዋል። ቀዳዳው ክብ ቢሆን ኖሮ ሳንቲሞቹ በዘንጉ ላይ ይሽከረከሩበት ነበር። ሕዝቡም ከገበያ ሲመለስ ሳንቲሞቹን በገመድ ሰክቶ ይይዛል። በኢዶ ዘመን ዘጠና ስድስት ሳንቲም በአንድ ገመድ ሲሰካ እንደ መቶ ተቈጥሮ ያልፍ ነበር። ዛሬ የወርቅ ሐብል የሚያልፍበት ቀዳዳ እንግዲህ ያን ጊዜ የሞረድና የገመድ መንገድ ነበር።

በ1600 በጦር ሜዳ ድል ያደረገው ቶኩጋዋ ኢየያሱ በ1601 የአገሩን ገንዘብ በአዲስ ሥርዐት ማቆም ጀመረ። የወርቁ ገንዘብ ዋናው «ኮባን» የተባለው ሞላላና ስስ ሰሌዳ ሲሆን ዋጋውም አንድ ሪዮ ነው። አንድ ሪዮ አራት ቡ፥ አንድ ቡ ደግሞ አራት ሹ ነው። ብሩ በመጀመሪያ በሚዛን እየተመዘነ የሚሰጥ ቍራጭ ነበር። በ1612 የብር ገንዘብ መሥሪያው ወደ ኢዶ፥ ማለት ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፥ ሲዛወር የሰፈረበት ቦታ «ጊንዛ» ተባለ፤ ትርጕሙም የብር መሥሪያ ማለት ነው። ዛሬ ጊንዛ ውድ የጌጣጌጥ ሱቆች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። የሰፈሩ ስም ከገንዘብ ተወልዶ በጌጥ የታወቀ መሆኑ ለርእሳችን የተመቸ ምሳሌ ነው።

ለድኻው ሕዝብ ደግሞ በ1636 «ካንኤይ ጹሆ» የተባለው የመዳብ ሳንቲም ወጣ። ዋጋው አንድ ሞን ነው። ይህ ሳንቲም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በልዩ ልዩ ስፍራ ሲሠራ ስለ ኖረ ቍጥሩ እጅግ ብዙ ነው፤ ስለዚህም ተራው ዐይነት እስከ ዛሬ ድረስ ርካሽ ነው። አዲሱ ገንዘብ የን ከታወጀ በኋላ እንኳ የየን ሽርፍራፊ ሆኖ በሕግ ታውቆ ቆየ፤ ፈጽሞ የተሻረው በ1953 ነው። በፊቱ ላይ ያሉት አራት ፊደሎች የሚነበቡት በመስቀል ነው፤ በመጀመሪያ ላይኛው፥ ቀጥሎ ታችኛው፥ ከዚያ የቀኙ፥ በመጨረሻም የግራው። የጥንቱ ዋዶ ካይቺን ግን በክብ ዙሪያ ነው የሚነበበው። ካንኤይ ጹሆን በሐብል ያንጠለጠለ ሰው ከላይ የሚሆነውን ፊደል ካላወቀ ጽሑፉን ዘቅዝቆ ይዞ ይዞራል፤ እንዲህ ያለውም ጥቂት አይደለም።

ጃፓኖች ራሳቸው ገንዘባቸውን ያጌጡበት ነበርን?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው «አይደለም» የሚል ነው። በጥንቱ የመቃብር ጕብታዎች ውስጥ ጉትቻና የዶቃ ሐብል ይገኛል። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ጃፓኖች ቀለበት፥ ጉትቻና የአንገት ሐብል የማድረግ ልማድ አልነበራቸውም። የሴቶቹ ጌጥ የጠጕር መርፌና ማበጠሪያ ነበር። የወንዶቹ ደግሞ የሰይፍ መያዣ ጌጥና «ኔጽኬ» የሚባለው፥ ከመቀነት ላይ የሚንጠለጠለውን ቦርሳ የሚይዘው የተቀረጸ ጕብ ነበር። የእጅ ጥበባቸው ሁሉ የፈሰሰው በእነዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ሳንቲም ከመግዣነት ያለፈ ትርጕም ነበረው። የሞተ ሰው ወደ ወዲያኛው ዓለም ሲሄድ ሳንዙ የተባለውን ወንዝ መሻገር አለበት ተብሎ ስለሚታመን፥ ለመሻገሪያው ስድስት ሞን ከሬሳው ጋር ይቀበር ነበር። የሳናዳ ወገን የሆኑት የጦር አለቆች እነዚህኑ ስድስት ሳንቲሞች፥ ሦስቱን ከላይ ሦስቱን ከታች አድርገው፥ የቤታቸው ምልክት አደረጉ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ «የመሻገሪያዬን ዋጋ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ሞትን አልፈራም» ማለት ነው። ሳንቲሙ እዚህ ላይ ጌጥ ከመሆኑ በፊት ቃል ሆኗል።

ሌላው ምሳሌ ለእኛ ለተማሪዎች ይስማማል። በ1835 «ቴንፖ ጹሆ» የተባለ ሞላላ የነሐስ ሳንቲም ወጣ። በላዩ ላይ የተጻፈው ዋጋ መቶ ሞን ነው፤ ገበያው ግን በሰማንያ ሞን ያኽል ብቻ ነበር የሚቀበለው። በኋላም በአዲሱ ገንዘብ ስምንት ሪን ተብሎ ተመነ፤ ዐሥር ሳይሞላ ማለት ነው። ስለዚህ በሜጂ ዘመን አእምሮው ትንሽ ጐደል ያለ ሰው «ቴንፖ ሳንቲም» እየተባለ ይቀለድበት ነበር። የሚያስገርመው ከጃፓን የጦር ኮሌጅ የተመረቁት መኰንኖች በደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ምልክት ይህንኑ ሳንቲም ይመስል ስለ ነበር፥ ባልንጀሮቻቸው «የቴንፖ ሳንቲም ጓድ» የሚል ስም አወጡላቸው። ምልክቱ በ1936 ተሻረ። በደረት ላይ የተሰካ ክብር ሁሉ በጓደኛ ዐይን ሙሉ መቶ እንደማይመዝን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በ1859 የሆነው ነገር

በአምባርና በጉትቻ ላይ በብዛት የምናያቸው «ኢቺቡጊን» የተባሉት ባለ አራት ማዕዘን የብር ሳንቲሞችና «ኒሹኪን» የተባሉት ደቃቅ የወርቅ ሳንቲሞች ናቸው። እነዚህን ለመረዳት አንድ የሒሳብ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢቺቡጊን በ1837 የወጣ ሲሆን ክብደቱ ስምንት ግራም ተኩል ያኽል ነው። በፊቱ ላይ «አንድ ቡ ብር» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ዙሪያውንም ደቃቅ የቼሪ አበቦች ከበውታል፤ በጀርባው ጊንዛ የሚለው የመሥሪያ ቤቱ ስምና ጆዜ የሚለው የብር ሠሪዎቹ አለቃ ስም ታትሟል። አራቱ አንድ የወርቅ ኮባን ይገዛሉ። ነገር ግን ይህ ዋጋ ከብሩ ክብደት የመጣ አይደለም፤ መንግሥት ያወጀው ዋጋ ነው። በአራቱ ሳንቲሞች ውስጥ ያለው ብር በውጭ አገር ገበያ አንድ ኮባን ለመግዛት ፈጽሞ አይበቃም። በሌላ አነጋገር ኢቺቡጊን ዛሬ በኪሳችን እንዳለው የወረቀት ገንዘብ በዐዋጅ የቆመ ነበር። አገሩ ለውጭ ንግድ ዝግ እስከ ሆነ ድረስ ይህ ምንም ጕዳት አላመጣም።

በ1858 ከአሜሪካ ጋር የተደረገው የንግድ ውል ግን የውጭ አገር ገንዘብ ከጃፓን ገንዘብ ጋር በዐይነትና በክብደት ተመዛዝኖ ይመነዘር አለ፤ ከመዳቡ በቀር የጃፓን ገንዘብ ወደ ውጭ እንዲወጣም ፈቀደ። ሌሎችም መንግሥታት ይህን የመሰለ ውል ተዋዋሉ። በ1859 የዮኮሃማ ወደብ ሲከፈት ነጋዴዎች ወዲያው ሒሳቡን ነቁበት። አንድ የሜክሲኮ የብር ዶላር በክብደት ሦስት ኢቺቡጊን ያኽላል። አራት ዶላር ያመጣ ሰው ዐሥራ ሁለት ኢቺቡጊን ይቀበላል፤ በዐሥራ ሁለቱ ሦስት የወርቅ ኮባን ይገዛል፤ ሦስቱን ኮባን ወደ ሻንጋይ ወስዶ ቢሸጥ ዐሥራ ሁለት ዶላር ያኽል ያገኛል። ያለ ምንም ድካም ገንዘቡ ሦስት ዕጥፍ ሆነ ማለት ነው። ምክንያቱም በጃፓን ውስጥ አንድ ክብደት ወርቅ በአምስት ክብደት ያኽል ብር ሲሸጥ፥ በቀረው ዓለም ከዐሥራ አምስት በላይ ያወጣ ነበር።

የጃፓን ወርቅ በመርከብ ተጭኖ ሄደ። መንግሥቱ በ1860 ለመከላከል ያደረገው ነገር ኮባኑን ማሳነስ ነበር፤ ቀድሞ ዐሥራ አንድ ግራም ያኽል የነበረው ወደ ሦስት ግራም ከሩብ ያኽል ወረደ። የወርቁ መውጣት ቆመ፤ የገበያው ዋጋ ግን ናረ። በተቈረጠ ደመወዝ የሚኖረው ወታደርና ሩዝ ገዝቶ የሚበላው የከተማ ሕዝብ ተቸገረ። በ1868 የቶኩጋዋ መንግሥት ሲወድቅ ምክንያቱ ይህ ብቻ አልነበረም፤ ግን ይህም አንዱ ነበር።

እንግዲህ ኢቺቡጊን የተደረደረበትን አሮጌ አምባር ስናይ፥ ከብሩ ጋር የአንድ ውል አንቀጽ እያየን ነው። በዐዋጅ የቆመ ገንዘብ በሚዛን ሲለካ ምን እንደሚደርስበት የሚናገር ማስረጃ ነው። ወደ አዲሶቹ ወደቦች የሚመጡ መንገደኞችም እነዚህን እንግዳ ቅርጾች ለማስታወሻ ወደዱአቸው፤ ገንዘቡ በኋላ ሲሻር ደግሞ አንጥረኛ እየቀጠለ አምባር አደረጋቸው።

በወርቅ መልክ የሚታይ ብር

ከ1860 ጀምሮ የተሠራው ኒሹኪን ከሁሉም የሚያስተምር ይመስለኛል። መጠኑ ከጥፍር ያነሰ፥ ክብደቱም ሦስት ሩብ ግራም ነው። ቀላልና ሚዛኑ እኩል ስለ ሆነ ለጉትቻ እጅግ ይመቻል። መልኩ ወርቅ ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለው ወርቅ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ብር ነው። እንዲህ ያለ ቅይጥ ደግሞ በባሕርዩ ወደ ነጭነት ያደላል። ታዲያ ቢጫነቱን ከየት አመጣው?

የጃፓን ወርቅ ሠሪዎች ሳንቲሙን ጨውና ልዩ ልዩ ቅመሞችን ቀብተው በከሰል እሳት ላይ ያሞቁት ነበር። ቅመሙ ከሳንቲሙ ገጽ ላይ ያለውን ብር እየበላ ያወጣዋል፤ ወርቁን ግን አይነካውም። ከታጠበ በኋላ በገጹ ላይ የሚቀረው ወርቁ የበዛበት እጅግ ስስ ቆዳ ነው። ይህ በሌላ ወርቅ መለበጥ አይደለም፤ የራሱን ወርቅ ወደ ላይ ማውጣት ነው።

እዚህ ላይ ነው የጌጥ ሠሪው ጥንቃቄ ዋጋ የሚያገኘው። ሳንቲሙን ገዝቶ «ላንጸባርቀው» ብሎ በማጥሪያ ጨርቅና ዱቄት የፈተገው እንደ ሆነ፥ ያን ስስ ቆዳ ይገፈዋል፤ ከሥሩም ፈዛዛው ቅይጥ ብቅ ይላል። በእሳት ሲበይደውም እንዲሁ መልኩ ይጠፋል። ያን ጊዜ የጠፋው ቀለም ብቻ አይደለም። መንግሥቱ በችግሩ ጊዜ ያነሰ ወርቅ ይዞ የበዛ ወርቅ ለማስመሰል የተጠቀመበት ጥበብ፥ ማለት የሳንቲሙ ዋና ምስክርነት፥ አብሮ ተፋቀ።

የሰይፍ ጌጥ ሠሪውና ዘንዶው

አዲሱ የሜጂ መንግሥት በ1871 የንን የአገሩ ገንዘብ አድርጎ ዐወጀ፤ በዚያው ዓመት በኦሳካ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ተከፈተ። መኪናው የተገዛው በሆንግ ኮንግ ከተዘጋው ማተሚያ ቤት ነበር። የሳንቲሞቹን ቅርጽ የቀረጸው ግን ካኖ ናጹኦ የተባለ ጃፓናዊ የሰይፍ ጌጥ ሠሪ ነው። በአንዱ የን ብር ላይ የተጠቀለለውን ዘንዶ በአጕሊ መነጽር ያየ ሰው፥ ቅርፊቱ አንድ ባንድ ተለይቶ እንደ ተሠራ ሲመለከት የሰይፍ ሠሪውን እጅ ይለየዋል። በ1876 ሰይፍ መታጠቅ በዐዋጅ ተከለከለ። ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቹ ሥራቸው በአንድ ቀን ዐዋጅ ስለ ጠፋ የደረት መርፌ፥ የመቀነት ማያያዣ፥ የአበባ ማስቀመጫ ወደ መሥራት ዞሩ። የዛሬው የጃፓን የጌጣጌጥ ጥበብ አንደኛው ሥሩ እዚህ ነው። ካኖ ናጹኦም በኋላ በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። እንግዲህ የዘንዶው የን በሐብል ላይ ሲንጠለጠል፥ በጌጥ ሠሪ እጅ ተወልዶ ወደ ጌጥነት ተመለሰ ማለት ይቻላል።

የዘንዶው የን ክብደት ሃያ ሰባት ግራም ያኽል ነው፤ ከሺህ ዘጠኝ መቶው ንጹሕ ብር ነው። እኛ ጠገራ ብር ከምንለው ከማርያ ቴሬዛ ታለር ጋር ቢመዛዘን ይቀራረባል፤ እሱ ሃያ ስምንት ግራም ነው። ሁለቱም ብሮች ከአገራቸው ውጭ በሚዛናቸው ታምነው የዞሩ ናቸው። ልዩነታቸው ግን ጠገራው መቼም ቢታተም ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት ሲይዝ፥ የጃፓኑ የተሠራበትን ዓመት የሚናገር መሆኑ ነው። አቈጣጠሩ የአገራችን ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች በንጉሡ የመንግሥት ዓመት እንደሚቈጥሩት ያለ ነው፤ «ሜጂ ሦስተኛ ዓመት» ይላል። በሜጂው ቍጥር ላይ 1867 ሲደመርበት የአውሮፓው ዓመት ይገኛል፤ ሜጂ ሦስት 1870 ነው።

ጃፓን በ1897 ገንዘቧን በወርቅ ላይ ስታቆም የብሩ የን ከአገር ውስጥ ገበያ ተሰበሰበ። ከተሰበሰበው ከፊሉ በታይዋንና በሌሎች ስፍራዎች እንዲያገለግል በክብ ውስጥ «ብር» የሚል አንዲት ደቃቅ ፊደል ተመታችበት። ምልክቷ በግራ ብትሆን ኦሳካ፥ በቀኝ ብትሆን ቶኪዮ የተመታች ናት። የቻይና ነጋዴዎችም ብሩን መርምረው መልካም ሆኖ ሲያገኙት የራሳቸውን ማኅተም ይመቱበት ነበር። የማያውቅ ሰው እነዚህን እንደ ቍስል ቈጥሮ ያስፍቃቸዋል። ሳንቲሙ በማን እጅ እንዳለፈ የሚመሰክሩት ግን እነሱ ናቸው።

እንዴት ቢታሰር ይሻላል?

አንጥረኛ ጠገራውን አቅልጦ መስቀል ሲሠራ ሳንቲሙ ሞቶ ብሩ ብቻ ይቀራል፤ በምትኩ አዲስ ሥራ ይወለዳል። ያ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሳንቲሙን ሳንቲም እንደ ሆነ አስቀምጦ ጌጥ ማድረግ ግን ሌላ ሕግ አለው፤ ዋናውም ሳንቲሙን አለመንካት ነው። መንገዶቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው መብሳት ነው። ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ፊደል ወይም አበባ ይወስዳል፤ የወሰደውም አይመለስም። ሁለተኛው በጠርዙ ላይ ማንጠልጠያ መበየድ ነው። ብሩ በእሳት ይጠቍራል፤ በቈርቆሮ ከተበየደ ደግሞ ግራጫ እድፍ ይተዋል። ሦስተኛው በአራት ጥፍሮች መያዝ ነው፤ ጥፍሮቹ ለስላሳ ከሆኑና ካልተጫኑት መልካም ነው። አራተኛው በሳንቲሙ ልክ የተሠራ ክፈፍ ነው። ክፈፉ ብቻውን ይበየዳል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሳንቲሙ ይገባበትና በትንሽ ብሎን ይዘጋል። ሳንቲሙ እሳትም ሞረድም አያይም፤ ሁለቱም ገጾቹ ይነበባሉ፤ ሲፈለግም ወጥቶ ይመዘናል። ቀዳዳ ላለው ለካንኤይ ጹሆ ከዚህ ሁሉ የቀለለ መንገድ አለ፤ የሐር ገመድ በቀዳዳው ማሳለፍ ነው። ሰዎቹም ድሮ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በማጽዳትም በኩል እንዲሁ ነው። ሎሚ፥ አሲድና ሻካራ ዱቄት የሳንቲም ጠላቶች ናቸው። በለስላሳ ጨርቅ ላቡን መጥረግ ይበቃል። መዳቡ ቆዳን አረንጓዴ ቢያደርግ ከላብ ጋር ስለሚዋሐድ እንጂ ሳንቲሙ ሐሰተኛ ስለ ሆነ አይደለም።

ስለ ሐሰተኛው ከተነሣ፥ የዘንዶው የን በብዛት ተመስሎ ይሠራል። መመርመሪያው ሚዛን ነው፤ ከሃያ ሰባት ግራም ብዙ የሚርቅ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። ማግኔት ከያዘው ብር አይደለም። ይሁን እንጂ የማግኔት ሕግ ለሁሉም አይሠራም። ከ1739 ጀምሮ መዳብ ስላነሰ ካንኤይ ጹሆ ከብረትም ይሠራ ነበርና፥ ማግኔት የያዘው ካንኤይ ጹሆ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። በክፈፍ የተዘጋና የማይወጣ ሳንቲም ሊመዘን ስለማይችል፥ ለሐሰተኛ ሻጭ የተመቸ መሆኑንም ገዢ ያስታውስ።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በ1947 የወጣው የጃፓን ሕግ አሁን የሚሠራበትን ሳንቲም ማበላሸትና ማቅለጥ ይከለክላል፤ ጥፋተኛውም በገንዘብ ወይም በእስራት ይቀጣል። ስለዚህ ቀዳዳ ያለውን የዛሬውን አምስት የን ሰዎች ለመልካም ዕድል ሲይዙት፥ ምክንያቱም አምስት የን «ጎኤን» ሲባል «መልካም ትውውቅ» ከሚለው ቃል ጋር ድምፁ አንድ ነውና፥ በክር ያስሩታል እንጂ አይቈርጡትም። የተሻሩት ጥንታውያን ሳንቲሞች ግን ይህ ሕግ አይጠብቃቸውም። ጠባቂያቸው የያዛቸው ሰው ዕውቀት ብቻ ነው።

የቀረውን ማዳን

አንዳንድ ሰብሳቢዎች ጌጥ የሆነን ሳንቲም ሁሉ እንደ ተበላሸ ይቈጥራሉ። ይህ አስተያየት ግማሹ እውነት ነው። የተበሳውና የተፋቀው በእርግጥ ተጐድቷል። ነገር ግን ብዙ ኮባንና ኢቺቡጊን በየዘመኑ እየቀለጠ ወደ አዲስ ገንዘብ ሲለወጥ፥ በአንዲት ሴት እጅ ላይ የነበረው አምባር ከእቶኑ አመለጠ። ከዚህም ሌላ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ አምባር ራሱ ሰነድ ሆኗል፤ የወደቦቹን ዘመንና የገዢዎቹን ምርጫ ይናገራል። ስለዚህ አሮጌውን ክፈፍ ነቅሎ ሳንቲሙን ለማዳን መሞከርም ሌላ ጥፋት ነው።

በጃፓን የሳንቲምና የጌጥ ዝምድና በሚዛንም ታትሞ ቀርቷል። የአንድ ሞን ሳንቲም ክብደት «ሞሜ» የተባለ መለኪያ ሆነ፤ 3.75 ግራም ነው። ሚኪሞቶ ኮኪቺ በ1893 በሰው እጅ የተረባ ዕንቍ ካገኘ ወዲህ የጃፓን ዕንቍ ዓለምን ሲያዳርስ ይህ ሚዛን አብሮት ሄደ። ዛሬም የዕንቍ ነጋዴዎች ዕንቍን በጅምላ ሲሸጡ በሞሜ ይመዝናሉ። የድኻው ሳንቲም ከገበያ ጠፍቶ የዕንቍ መመዘኛ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ ከአንባቢዎቼ መካከል እንዲህ ያለ ጌጥ በቤቱ ያለ፥ ወይም አንድ ቀን የሚገዛ ቢኖር፥ የምለምነው ነገር ቀላል ነው። ከማጥራቱ በፊት ያንብበው። የሳንቲሙን ስም፥ ዘመኑን፥ ክብደቱን፥ ከማን እንዳገኘውም በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ከጌጡ ጋር ያኑረው። ጌጡ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ወረቀቱም አብሮ ይተላለፍ። ይህን ለማድረግ ሀብትም ልዩ ትምህርትም አያስፈልግም፤ እርሳስና አንድ ደቂቃ ይበቃል።